ስለ አባ ሙሴ ጸሊም፤ ወንበዴው እንዴት የዕርቅ አባት እንደ ሆነ

በግብፅ በረሓ ከኖሩት ቀደምት መነኮሳት መካከል በኢትዮጵያ ምእመናን ዘንድ ስሙ ከታወቀው አንዱ አባ ሙሴ ጸሊም ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር ታስበዋለች። በዚያ ቀን ንባቡን የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የሚይዘው የሰውነቱን ግዝፈት፥ የጾሙን ብርታት፥ ከአጋንንትም ጋራ ያደረገውን ተጋድሎ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ አባት ታሪክ ውስጥ ከገድሉ ብርታት ይልቅ ለማኅበር ኑሮ የሚጠቅም ሌላ ነገር ተሰውሮ ይገኛል፤ እሱም ሰውን የበደለ ሰው በሰው መካከል ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ነው። አባ ሙሴ ይህን ጥያቄ በሁለቱም ወገን ሆኖ አይቶታል፤ በመጀመሪያ በደለኛ ሆኖ፥ ኋላም በበደለኛ ላይ እንዲፈርድ ተጠርቶ።

ታሪኩን ቀድሞ ከጻፉት አንዱ ጳላድዮስ የተባለው ጳጳስ ነው። ጳላድዮስ በግብፅ በረሓ ከመነኮሳት ጋራ ብዙ ዘመን ተቀምጦ፥ ያየውንና የሰማውን ሰብስቦ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ420 ዓመት ገደማ በግሪክ ቋንቋ ጻፈው። የቀረውም በአበው ዜና መጻሕፍት ተበትኖ ይገኛል።

ሙሴ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፥ በመልኩም ጥቁር ነበረ። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ያመለክቱ ስለ ነበረ ከየትኛው ወገን እንደ ተወለደ መጽሐፉ ለይቶ አይናገርም። በግብፅ አገር የአንድ ሹም የቤት ባሪያ ነበረ። ጌታው ግን ስለ ጠባዩ ክፋትና ስለ ሌብነቱ ከቤቱ አባረረው። በዚያ ዘመን ባሪያ ተሸጦ ገንዘብ የሚያወጣ ሲሆን፥ ጌታው ሳይሸጠው እንዲሁ ማባረሩ ከቤት ውስጥ ምን ያህል አስቸግሮ እንደ ነበረ ያስረዳል። የጌታው ቤት ሰላም አገኘ፤ አገሩ ግን አላገኘም። የተባረረው ባሪያ ወንበዴዎችን ሰብስቦ የእነሱ አለቃ ሆነ፤ እስከ ነፍስ መግደልም ደርሶ እንደ ነበረ ይነገራል።

ጳላድዮስ ከዚህ ዘመን ሥራው አንዱን ብቻ ዘርዝሮ ጽፎታል። አንድ ቀን ሌሊት ሙሴ ሊፈጽመው ያሰበውን ነገር አንድ እረኛ ከውሾቹ ጋራ ሆኖ አሰናከለበት። ሙሴም ቂም ይዞ እረኛውን ሊገድለው ፈለገው። እረኛው ከአባይ ወንዝ ማዶ እንዳለ ነገሩት። ጊዜው ውኃው የሚሞላበት፥ ስፋቱም አንድ ማይል ያህል የሚሆንበት ነበረ። ሙሴ ግን ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፥ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፥ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ከሩቅ አይቶት አሸዋ ውስጥ ገብቶ ተሸሸገና ነፍሱን አተረፈ። ሙሴም ሰውዬውን ባጣው ጊዜ ከመንጋው አራት የሰቡ አውራ በጎች መርጦ አረደ፤ በገመድም አያይዞ ዳግመኛ ወንዙን እየዋኘ አሻገራቸው። ከሥጋው የተሻለውን በላ፤ ቆዳውን ሸጦ በዋጋው የወይን ጠጅ ጠጣበት፤ ከዚያም 50 ማይል መንገድ ተጉዞ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ።

ሙሴ የሚለው ስም ከውኃ የወጣ የሚል ትርጓሜ እንዳለው በኦሪት ተጽፏል። የፊተኛው ሙሴ ከአባይ ወጥቶ ሕዝብን ከባርነት አወጣ፤ ይህ ሙሴ ግን ከዚያው ወንዝ የወጣው ሰይፍ ነክሶ ነው። የስሙን ትርጓሜ የሚያጸናው ሌላ ውኃ ገና በፊቱ ይጠብቀው ነበረ።

ስለዚያ እረኛ መጽሐፉ ከዚህ በኋላ የሚናገረው የለም። አሸዋውን ከላዩ አራግፎ ተነሥቶ ወደ መንጋው ሲመለስ አራቱ በጎች ታርደው ደማቸውን ብቻ እንዳየ ግን ማሰብ አያስቸግርም። ስለ ንስሓ የሚነገር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚከተለው የበደለውን ሰው ነው፤ የተበደለው በመንገድ ላይ ይቀራል። በኢትዮጵያ ልማድ ሽማግሌዎች ለዕርቅ በተቀመጡ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የተበደለውን ቃል የሚሰሙት፥ ካሣውንም ሳይቈርጡ የማይነሡት ስለዚህ ነው። የአባ ሙሴንም ታሪክ የሚያነብ ሰው እረኛውን ሳይረሳ ቢያነብ የኋለኛው ነገር ይገለጥለታል።

ወንበዴውን ወደ ንስሓ ያደረሰው ነገር ምን እንደ ሆነ ጳላድዮስ አንድ ነገር ደርሶበት ተጸጸተ ከማለት በቀር አላብራራም። ስንክሳሩ ግን ፀሐይን እያየ አምላክነቷን ሲመረምርና የማያውቀውን አምላክ ሲፈልግ ሳለ የአስቄጥስ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ ሰምቶ ወደነሱ እንደ ሄደ ይናገራል። አስቄጥስ ከእስክንድርያ በስተ ደቡብ የሚገኝ፥ ዛሬ ወዲ ናጥሩን የሚባል የጨው ሸለቆ ነው፤ አባ መቃርስ በ330 ዓመት ገደማ ገብቶበት የመነኮሳት መኖሪያ ሆኖ ነበረ። ሙሴ ወደዚያ በመጣ ጊዜ የተቀበለው የአስቄጥስ ቄስ አባ ኤስድሮስ ነው። ኤስድሮስም ሰይፍ የታጠቀውን ግዙፍ ሰው ባየው ጊዜ እንደ ፈራ ስንክሳሩ አልሸሸገም። ፈርቶ ግን አልሸሸም፤ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው፤ ከሰማውም በኋላ ወደ አባ መቃርስ ወሰደው።

ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። በዚያ ዘመን በሮም መንግሥት ሕግ የታወቀ ወንበዴ በተያዘ ጊዜ ፍርዱ ሞት ነበረ። የአስቄጥስ መነኮሳት እጅግ ድኆች ነበሩ፤ ገመድና ሰሌን እየሠሩ በመሸጥ ይኖሩ ነበር፤ የሚጠብቃቸውም ወታደር አልነበረም። በነፍሰ ገዳይነት የተጠረጠረውን ሰው በመካከላቸው ማኖር ለእነሱ ቃል ብቻ አልነበረም፤ በየሌሊቱ በራቸውን ሳይዘጉ መተኛት ነበረ እንጂ።

አባ ሙሴ ከመነኰሰ በኋላ የቀድሞው ልማድ ፈጥኖ አልለቀቀውም። የዝሙት አሳብ እጅግ ስለ ጸናበት ከበረሓው ለመውጣት እስኪያስብ ደርሶ ነበረ። ወደ አባ ኤስድሮስም እየሄደ ድካሙን ይነግረው ነበረ። አንድ ጊዜ ኤስድሮስ ወደ ቤቱ ሰገነት አወጣውና ወደ ምዕራብ ሲያይ የአጋንንትን ሠራዊት፥ ወደ ምሥራቅ ሲያይ ደግሞ ከእነዚያ የሚበዙትን መላእክት አሳየው፤ ይህንም ያደረገው ብቻውን እንዳልሆነ እንዲረዳው ነው። ስድስት ዓመት በሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ቆሞ ጸለየ። ይህም አላሳረፈው።

ከዚህ በኋላ የያዘው ሥራ ግን ከጸሎቱ ጋራ ሆኖ መልኩን ሁሉ ለወጠው። በአስቄጥስ ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ ነበረ፤ አንዳንዱ መነኩሴ ሁለት ማይል፥ አንዳንዱ አምስት ማይል፥ ቅርቡም ግማሽ ማይል ይሄድ ነበር። ስለዚህ አባ ሙሴ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ሸምግለው ውኃ መቅዳት ወደማይችሉት መነኮሳት በኣት ይዞር፥ እንስራቸውን ሳያውቁ ይወስድ፥ ሞልቶም ይመልስላቸው ነበረ። ሽማግሌዎቹ በጠዋት ሲነሡ እንስራው ሞልቶ ያገኙታል። አንድ ሌሊት ከጕድጓዱ አፍ ጐንበስ ብሎ ሲቀዳ ወገቡን በዱላ ተመትቶ እንደ ሞተ ሆኖ ወደቀ፤ የመታውም ጋኔን እንደ ሆነ ጳላድዮስ ጽፏል። በማግስቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሰው ወድቆ አገኘውና ለአባ ኤስድሮስ ነገረው። ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገቡት፤ ዓመት ሙሉ ታሞ ኃይሉ በጭንቅ ተመለሰለት። አሳቡም ከዚያ በኋላ አረፈለት።

ቀድሞ በሌሊት ወጥቶ የሰው ገንዘብ ይወስድ የነበረው ሰው አሁንም በሌሊት ይወጣል፤ ግን የባዶውን እንስራ ሞልቶ ይመልሳል። እረኛው ወዴት እንዳለ ወይም በጎቹ ተከፍለው እንደ ሆነ መጻሕፍት ስለማይነግሩን፥ የአባ ሙሴ ካሣ ይህ የሌሊት ውኃ ነው ብሎ መናገር ከእውነት የሚርቅ አይመስልም። ለተበደለው የሚከፈለው ዕዳ በዚህ ይሰረዛል ማለት ግን አይደለም። ዕዳውን ሊከፍል የሚገባውን ሰው ላላገኘ ሰው፥ በፊቱ ለተገኘው ደካማ መክፈል የቀረው መንገድ ነበረ ማለት ነው።

ጊዜው ተለይቶ ባይነገርም አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ በአባ ሙሴ በኣት ገቡበት። ኃይሉ የቀድሞው ነበረና አራቱንም ይዞ አሰራቸው። ከዚህ በኋላ ሁለት የታወቁ መንገዶች ነበሩለት። ለሹም አሳልፎ ቢሰጣቸው ሞት ይፈረድባቸዋል፤ ፈትቶ ቢለቃቸው ደግሞ ወደ ሌላ በኣት ይሄዳሉ። እሱ ግን ሁለቱንም ትቶ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸውና በወንድሞች ፊት አኖራቸው። ለሱ ማንንም መጕዳት እንደማይፈቀድለት ገልጦ ስለነሱ ምን እንዲደረግ እንደሚያዝዙ ማኅበሩን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም ኀጢአታቸውን ተናዘዙ፤ የያዛቸውም ያ በወንበዴዎች ዘንድ ስሙ የገነነው ሙሴ እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ፥ ይህን ያህል ብርቱ የነበረ ሰው እግዚአብሔርን ካገለገለ እኛስ ስለ ምን መዳናችንን እናዘገያለን በሚል አሳብ እነሱም መነኰሱ።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መጀመሪያ፥ አባ ሙሴ ወንበዴዎቹን አስሯቸዋል፤ የመጡበትን ክፉ ሥራ እንዳላየ ሆኖ አላለፈም። ሁለተኛ፥ የተወረረው የሱ በኣት ሲሆን ፍርዱን ለብቻው አላደረገውም፤ ነገሩ የማኅበሩ ሁሉ እንደ ሆነ ዐውቆ ለማኅበሩ አቀረበው። እርሱን ራሱን ያዳነው የማኅበሩ በር ነበረና ሌሎቹንም ያመጣቸው ወደዚያው በር ነው።

ዝናው ከሁሉ ይልቅ የተነገረበት ነገር ግን ከዚህም የበለጠ ነው። በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደለ፤ በደሉ ምን እንደ ሆነ መጻሕፍት አልጻፉም፤ አለመጻፋቸውም የተገባ ነው። አባቶች በወንድሙ ላይ ሊፈርዱ ጉባኤ አደረጉና አባ ሙሴን ጠሩት፤ እሱ ግን አልመጣም። ቄሱ ሁሉ እሱን እንደሚጠባበቁ ነግሮ ዳግመኛ ላከበት። በዚያን ጊዜ ተነሣ፤ የሚያፈስ እንስራ ወስዶ ውኃ ሞላበት፤ በጀርባውም ተሸክሞ ወደ ጉባኤው መጣ። ሌላው መጽሐፍ የተቀደደ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ ነበረ ይላል፤ ነገሩ አንድ ነው። ሊቀበሉት የወጡት አባቶች ከኋላው መሬቱ ላይ ሲንጠባጠብ አይተው ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። እሱም የራሱ ኀጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እሱ ሳያየው ዛሬ በሌላ ሰው ኀጢአት ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። ይህን በሰሙ ጊዜ ለወንድሙ ምንም ሳይናገሩ ይቅር አሉት።

በአገራችን ልማድ በደለኛ ለይቅርታ ከተበደለው ፊት ሲቀርብ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቆማል። በአስቄጥስ በዚያ ቀን ሸክሙን ተሸክሞ የቀረበው ዳኛ እንዲሆን የተጠራው ነበረ። በበደለኛውና በፈራጆቹ መካከል የነበረው ከፍታና ዝቅታ በአንድ እንስራ ውኃ ተስተካከለ። ለዕርቅ የሚቀመጥ ቄስም ሆነ ሽማግሌ ነገሩን ሲያነብ፥ አባ ሙሴ ወንድሙ አልበደለም እንዳላለ፥ ጉባኤውንም በቃል እንዳልገሠጸ ያስተውላል። ሳይመጣ መቅረት ይቻለው ነበረ፤ በመጀመሪያም እንዲሁ አድርጎ ነበረ። ቢቀር ግን ወንድሙ ለብቻው ይፈረድበት ነበረ።

ደግሞ እሱ ራሱ በጉባኤ የተነቀፈበት ቀን አለ። አባቶች ሊፈትኑት አስበው፥ ይህ ጥቁር ወደኛ መካከል ለምን ይመጣል እያሉ ናቁት። እሱም ሰምቶ ዝም አለ። ጉባኤው ከተበተነ በኋላ አልተቈጣህምን ብለው በጠየቁት ጊዜ መታወኩን አልካደም፤ ታውኮ ሳለ እንዳልተናገረ አስረዳቸው። ቅስና በተቀበለም ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ወድዶ ካህናቱ ከመቅደስ እንዲያባርሩት አዘዘ፤ እነሱም ሰድበው አወጡት፤ እሱም ራሱን እየወቀሰ ወጣ። መጻሕፍቱ ይህን የሚጽፉት ትሕትናውን ለማሳየት ነው፤ ትሕትናውም በእውነት ትልቅ ነው። ነገር ግን ሰውን በመልኩ መስደብ ለፈተና ብቻ እንኳ ቢሆን ለተሳዳቢዎቹ ክብር የሚጨምር ሥራ አይደለም። አባ ሙሴ ታውኬ ነበር ብሎ ማመኑም ስድቡ ቁስል እንደ ነበረው ምስክር ነው። ለአስታራቂ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል፤ ዝም ያለ ሁሉ ያልተጎዳ አይደለም።

ከሱ ጋራ በአስቄጥስ ይኖር የነበረው አባ አርሳንዮስ ሰው የማያነጋግር፥ ጸጥታን የሚወድ ነበረ። አንድ እንግዳ መነኩሴ ሁለቱን ሊጐበኝ መጥቶ በአርሳንዮስ ዘንድ ዝምታን አገኘ፤ በሙሴ ዘንድ ግን በደስታ ተቀበሉት። በዚያ የነበረ አንድ አባት የሁለቱ መንገድ እንደዚህ ስለ ተለያየ ወደ እግዚአብሔር ቢያመለክት፥ ሁለት መርከቦች በወንዝ ላይ ሲሄዱ አየ፤ በአንደኛው አርሳንዮስ ከመንፈስ ቅዱስ ጋራ በጸጥታ ሲጓዝ፥ በሁለተኛው ሙሴ ከመላእክት ጋራ የማር እንጎቻ ሲበላ። ለእንግዳ ያለው ልብ በሌላ ጊዜም ታይቷል። በአስቄጥስ ሁሉ አንድ ሳምንት እንዲጦሙ ታዝዞ ሳለ ወንድሞች ከሩቅ መጡበትና ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጐረቤቶቹ ጢሱን አይተው ትእዛዙን ሻረ ብለው ለካህናቱ ነገሩበት። ቅዳሜ ቀን ማኅበሩ በተሰበሰበ ጊዜ ካህናቱ ምግባሩን ያውቁ ነበርና፥ የሰውን ትእዛዝ አፍርሶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ በሁሉ ፊት መሰከሩለት። ሐሜት በጓዳ ሳይቀመጥ በአደባባይ ስለ ተፈታ ጐረቤቶቹም ቂም ሳይዙ ቀሩ ማለት ይቻላል።

በኋላ ዘመኑ አስቄጥስ ሰው ስለ በዛባት ራቅ ወዳለ ጴጥራ ወደሚባል ስፍራ ሄዶ ተቀመጠ። አንድ ሹም ዝናውን ሰምቶ ሊያየው ቢመጣ ሸሽቶ ወደ ረግረጉ ሲሄድ መንገድ ላይ ተገናኙና፥ ሹሙ ሳያውቀው የአባ ሙሴን በኣት ጠየቀው። እሱም ሙሴ ሰነፍ ሰው ስለ ሆነ ምን ያደርግላችኋል ብሎ አሰናበታቸው። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ለካህናቱ በነገሩ ጊዜ ያ የተቀደደ ልብስ የለበሰው ረዥም ጥቁር ሽማግሌ ራሱ ሙሴ እንደ ነበረ ተረዱ።

በ407 ዓመት ገደማ በርበሮች ከምዕራብ መጥተው አስቄጥስን አጠፉ። አባ ሙሴ አስቀድሞ መምጣታቸውን ዐውቆ ለወንድሞች ነግሯቸው የሚሸሽ እንዲሸሽ መከራቸው። እሱ ራሱ ስለማይሸሽበት ምክንያት በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታ ሰይፍ ስለሚያነሡት የተናገረው ቃል በሱ እስኪፈጸም ድረስ ያን ቀን ለብዙ ዓመት ሲጠብቀው እንደ ኖረ ገለጠላቸው። የአባይን ውኃ ሰይፍ ነክሶ የተሻገረበት ሌሊት ከልቡ አልወጣም ነበር። ያ እረኛ ሊገድለው ከመጣው ሰው ሸሽቶ በአሸዋ ተሸሸገ፤ ሙሴ ግን ሊገድሉት ከመጡት አልተሸሸገም። ወንድሞቹም አብረውት ሊሞቱ በፈቀዱ ጊዜ ይህ የሱ ጕዳይ እንዳልሆነና እያንዳንዱ ለራሱ እንዲያስብ ነገራቸው፤ የራሱን ዕዳ በሌላ ሰው ላይ ሊጭን አልወደደምና።

ከሱ ጋራ ሰባት ወንድሞች ነበሩ። በርበሮቹ ገብተው ሲገድሏቸው አንዱ ሸሽቶ ከገመድ ክምር በስተ ኋላ ተሸሸገና ሰባት አክሊሎች ወርደው የሞቱትን ሲሸልሙ አየ። ይህን ነገር ለማኅበሩ ያወራው እሱ ነው። አባ ሙሴ በዚያን ጊዜ 75 ዓመቱ ነበረ፤ ከኋላውም 70 ደቀ መዛሙርት ተወ።

ሥጋው በወዲ ናጥሩን በበራሙስ ገዳም ይገኛል። ያረፈውም ለብቻው አይደለም፤ ሰይፍ ታጥቆ የመጣውን ወንበዴ ፈርቶ ሳይሸሽ የተቀበለው አባ ኤስድሮስ በዚያው ከሱ ጋራ ነው።